ቀኝና ግራ፦ የደብረ ታቦር ማሕሌትና የሕፃን ጆሮ

ደብረ ታቦር፥ ራስ ጉግሣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ከቆረቆሯት ወዲህ፥ ስሟ አብዝቶ የሚነሣው በመሳፍንቱ ግቢና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በአጠገቧ በጋፋት በተሠራው መድፍ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊነገርላት ይገባል የምለው የማሕሌቷን ሥርዓት ነው። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና የደረሱትን ዝማሜ ልጃቸው ተክሌ በዚህች ከተማ አስተምረው ስላጸኑት፥ እስከ ዛሬ ተክሌ አቋቋም ይባላል፤ ጎረቤቷ ጋይንትም ድጓውን በቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አምባ እያስመሰከረች ለአገሩ ሁሉ መምህራንን ስትልክ ኖራለች።

በዚህ ሥርዓት ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው፥ ቀኝ ጌታው በስተቀኝ፥ ግራ ጌታው በስተግራ ሆነው፥ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው እየተቀበለ፥ ከበሮው በመካከል እየተመታ ይዘምራሉ። ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና ከተነሡ በኋላ፥ እናት በንግሥ ቀን ልጇን በአንቀልባ አዝላ ወደ ደብሩ ትሄዳለችና፥ ሕፃኑ አንድ ጆሮው በእናቱ ጀርባ ተጋርዶ፥ ሌላው ለዜማው ተገልጦ፥ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ተራው እየተለዋወጠ ያዳምጣል። የልጅ ትምህርት ከፊደል ቆጠራ ይጀምራል መባሉ፥ ከዚያ አስቀድሞ ጆሮ የሚማረውን ያስረሳል።

ከቀኝ የመጣ ድምፅ ለቀኙ ጆሮ ቀድሞና ጎልቶ፥ ለግራው ዘግይቶና ደክሞ ይደርሳል፤ የመዘግየቱ ልክ በጎልማሳ እንኳ ቢበዛ ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ያነሰ ነው፥ በሕፃን ራስ ትንሽነትም የተነሣ ከዚያ ይልቅ ያጥራል፤ አእምሮ ግን ይህን ረቂቅ ልዩነት መርምሮ የድምፁን ስፍራ ያውቃል። ማይክል ወርትሃይመር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1961 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጠው፥ ከተወለደች ጥቂት ደቂቃ የሆናት ጨቅላ ድምፅ ወደ ተሰማበት ወገን ዓይኗን መልሳለች። ይህ ጸጋ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የተሰወረ መስሎ፥ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ፈጥኖና ጸንቶ ይመለሳል፤ ከቅኔ ማሕሌቱ ግድግዳ የሚያስተጋባውን ትቶ ቀዳሚውን ድምፅ መከተልም በዚያው ወራት የሚበስል ችሎታ ነው። ስለዚህ በ80 ቀኗ ክርስትና የተነሣች ልጅ ራሷን ወደ ከበሮው ባትመልስ፥ እናቷ በዚህ ብቻ ልትደነግጥ አይገባም፤ ስድስት ወር ሞልቷት ከቀኝም ከግራም ሲጠሯት የማትዞር ብትሆን ግን፥ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ማሳየት ነው።