በችሎት ደጃፍ፦ ስደተኛ፣ መማጸኛና ፍርድ በኢትዮጵያ ታሪክ



 የዚህ ንግግር ጥያቄ ያደረብኝ እዚሁ መልካሳ ነው። አባቴ በአዋሽ ዳር በአንድ የመስኖ እርሻ የቀን ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ነበር። ከሠራተኞቹ መካከል ከድንበር ማዶ የመጣ፣ መታወቂያ የሌለው አንድ ሰው የሁለት ወር ደመወዙን ተከለከለ። አባቴ «ክሰስ፤ እኔ እመሰክርልሃለሁ» ቢለው፣ «ጋሼ፣ ዳኛውን አልፈራም፤ የምፈራው በሩ ላይ የሚቆመውን ነው» ሲል መለሰለት። ብዙም ሳይቆይ አካባቢውን ለቆ ሄደ።

ፍርድ ፍለጋ የመጣ ስደተኛ በፍርድ ቤት ደጃፍ ቢያዝ፣ የሚጎዳው እርሱ ብቻ ነው ወይስ ችሎቱም ጭምር? ይህ ክርክር ዛሬ ጎልቶ የሚሰማው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ ነው። የእንግሊዝ የሕግ ሊቅ ብላክስቶን በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደ መዘገበው፣ ተከራካሪና ምስክር ወደ ችሎት ሲሄዱ፣ በችሎት ሲቆዩና ሲመለሱ ከመያዝ የተጠበቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በፍርድ ቤቶች ቅጥር ሰው መያዝ ሲያበዙ፣ ይህ ያረጀ ልማድ እንደገና ተነሣ፤ የኒው ዮርክ ግዛትም በ2020 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ2021 በፌዴራል ደረጃ ገደብ ተደረገ፤ በ2025 ገደቡ ተነሣ። ነገሩ ገና አልተቋጨም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእኛ ታሪክ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል የሚለው ነው።

ሁላችሁም የምታውቁትን ታሪክ በሌላ ዓይን እንድታዩት እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም መጡ። ቁረይሾችም እንዲመለሱላቸው መልእክተኞች ላኩ። ኢብን ኢስሐቅ ባቆየልን ትውፊት መሠረት፣ መልእክተኞቹ አስቀድመው ለንጉሡ ባለሟሎች ገጸ በረከት ሰጡ፤ የፈለጉትም ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጣቸው ነበር። ነጃሺ ግን ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ቀርቦ ተናገረ፤ ንጉሡም ጥያቄውን ውድቅ አድርጎ ስጦታውን መለሰ። ትውፊቱ በጽሑፍ የሰፈረው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል እንደ ቃለ ጉባኤ ልንወስደው አንችልም። ስለ ነጃሺ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው ደግነቱ ነው። እኔ ግን ከደግነቱ ይልቅ ሥርዓቱን አደንቃለሁ። መልእክተኞቹ የፈሩት የንጉሡን ርኅራኄ ሳይሆን ስደተኛው በችሎት አፉን የሚከፍትባትን ያችን ቅጽበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት የምናገኘው መማጸኛ መልኩ የተለየ ነው። በአክሱም የጽዮን ቅጥር፣ በጎንደርም የእጨጌ ቤት ሰፈር የሸሸ ሰው የሚጠጋባቸው ቦታዎች ነበሩ። ባለዕዳም፣ ነፍሰ ገዳይም፣ ከገዥው የተጣላ መኳንንትም ይገባባቸዋል፤ ሽማግሌ ተልኮ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ይቆያል። ጥበቃው ግን በገዥው ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ፣ የቅጥሩ ክብር ምን ያህል ስስ እንደ ነበር ታየ።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ እንበል። የደብር መማጸኛ ሰውን ከፍርድ ያስጠልላል፤ እኛ የምንጠይቀው ግን ወደ ፍርድ የሚወስደው መንገድ እንዲጠበቅ ነው። ለዚህ የሚቀርበው «በሕግ አምላክ» የሚለው ጥሪ ይመስለኛል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው መቆም አለበት፤ መንገደኛ ሽማግሌ ሳይቀር ዳኛ ሆኖ ይሰየማል። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ታስረው አብረው ሲሄዱም፣ እስሩ ራሱ ዳኛ ፊት ማድረሻ ነበር። ቁራኛን ላሞካሽ አልፈልግም፤ ክፉ እስር ነው። ሆኖም መድረሻው ችሎት ነበር። በዚሁ በአርሲ በኩል ደግሞ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሚጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ያንን በትር ጥሶ ማለፍ ነውር ነው፤ በኦሮሞ ባህል ባዕድን ወደ ጎሳ የሚያስገባው የሞጋሳ ሥርዓትም አለ። ሁለቱም ለሌላ ጊዜ የሚቆይ ሰፊ ርእስ ናቸው።

የባቡር ሐዲዱ በስምጥ ሸለቆ ሲያልፍ የግሪክ፣ የአርመን፣ የየመንና የሕንድ ሰዎች በየጣቢያው ሰፈሩ። በ1908 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጎች በሚገቡበት ክርክር ቆንስሎቻቸው እንዲገኙ የሚያደርግ ልዩ የዳኝነት ሥርዓት አመጣ። ውሉን በሉዓላዊነት ላይ የተቃጣ ብለን ማውገዛችን ትክክል ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ያሳየናል፦ ኃያል መንግሥት ከኋላው የቆመለት ስደተኛ በችሎት ደጃፍ አይፈራም ነበር። ጥበቃው የፓስፖርቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም።

ፓስፖርት የማያድን ሲሆን ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከ1998 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጦርነት ወደ 75,000 የሚገመቱ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ብዙዎቹ የተወሰዱት አንድም ዳኛ ሳያያቸው ነው። በ2004 የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን የተወሰኑትን እርምጃዎች ሕጋዊ፣ ሌሎቹን ደግሞ በዘፈቀደ ዜግነት የተነጠቀባቸው ናቸው ሲል ፈረደ። ከእናንተ መካከል ጎረቤቱ በሌሊት ሲወሰድ ያየ ሰው ቤተሰብ እንደሚኖር እገምታለሁ። ይህን ምዕራፍ ዘልለን ነጃሺን ብቻ መጥራት ለታሪክ ባለሙያ አይገባም።

የ1995ቱን ሕገ መንግሥት ግለጡ። አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነጻነትን የሚሰጠው ለኢትዮጵያዊና በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ለሚገኝ የውጭ ዜጋ ነው። ፍትሕ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 37 ግን «ማንኛውም ሰው» ብሎ ይጀምራል፤ «በሕጋዊ መንገድ» የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ሰው የመክሰስ መብት አለው፤ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚያደርሰውን መንገድ የመሄድ መብቱ ግን አጠራጣሪ ነው። የ2019ኙ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 እውቅና ላገኙ ስደተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች በሩን አስፍቷል፤ ከዚያ ውጭ ያለው የቀን ሠራተኛ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ቆሟል። የሕግ ተማሪዎች፣ ይህን ክፍተት ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ እንድታስቡበት እጠይቃለሁ።

የአባቴ የሰዓት መቆጣጠሪያ ደብተር አሁን በእኔ እጅ ነው። የዚያ ሰው የሥራ ቀናት በእርሳስ ተጽፈዋል፤ «ተከፈለ» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።