ከእንቁላሉ እስከ ዐሥረኛው ቀን፦ ልደት በአሪስቶፋንስ «ወፎች»

አሪስቶፋንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ414 ዓመት «ወፎች» የተሰኘውን ኮሜዲ አቴና ላይ ሲያቀርብ በሰማይና በምድር መካከል ለክንፋም ሕዝብ ከተማ ሠራለት። ተውኔቱ እንደ ሕልም አገር ተረት ወይም እንደ ፖለቲካ ሽሙጥ መነበቡ የተለመደ ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ግን ሌላ ነው፦ በዚህ ሕዝብ ዘንድ የመወለድ ትርጉም ትዕይንቱ በገፋ ቁጥር ይለወጣል፤ ለውጡም ለሁሉም ክፍት የነበረውን በር በአንድ ሰው እጅ ያስገባል።

መነሻው የመዘምራኑ ቃል ነው። ወፎቹ እንደሚሉት መጀመሪያ ላይ ሌሊት የተባለችው እንቁላል ጣለች፤ ከእንቁላሉ ባለወርቅ ክንፉ ኤሮስ ወጣ፤ እሱም ከኬዎስ ጋር ተዋሕዶ ከአማልክት በፊት የወፎችን ዘር ፈለፈለ። በዚህ ልደት ውስጥ አባት ቆሞ የሚመሰክርበት፣ ስም የሚወጣበት ሥርዓት የለም። እንግዳም ቢሆን አይገለልም፦ ከአቴና ኮብልለው ወደ ወፎቹ የመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ሥር አኝከው ክንፍ ያበቅላሉ። መዘምራኑ እንዲያውም ባሪያና የካሪያ ተወላጅ የሆነ ሰው እነሱ ዘንድ ላባ ቢያበቅል የፍራትሪያ ወንድሞች እንደሚገኙለት ቃል ይገባሉ። አቴና ውስጥ ፍራትሪያ አባት ልጁን አቅርቦ የሚያስመዘግብበት የወንድማማች ማኅበር ስለነበር ቃሉ ቀላል አይደለም።

ከተማዋ ስትመሠረት ነገሩ ይለወጣል። አንድ ገጣሚ መጥቶ ከተማዋን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሳወድሳት ኖሬአለሁ ሲል፣ ከሁለቱ ኮብላዮች አንዱ የሆነው ፔይሴታይሮስ ገና አሁን ዐሥረኛ ቀኗን እያከበርኩ፣ እንደ ሕፃን ስም እያወጣሁላት አይደለምን ብሎ ይመልሳል። ይህ የአቴናውያን ደካቴ ነው፤ መሥዋዕት ቀርቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ ስም የሚወጣበት ዕለት። በ40 ወይም በ80 ቀን ክርስትና ሲነሣ ስም እንደሚሰጥ ለሚያውቅ አንባቢ ቀን ቆጥሮ መሰየም ባዕድ አይሆንበትም። አቴና ውስጥ ግን ዕለቱ ሕጋዊ ክብደትም ነበረው፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የዴሞስቴንስና የኢሳዮስ የችሎት ንግግሮች ደካቴን ለልጅነት ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። እንግዲህ ከእንቁላል የወጣው ሕዝብ አሁን አባት አገኘ፤ አባቱም ፔይሴታይሮስ ነው። ቀጥሎ ክንፍ ከሥር መብቀሉ ቀርቶ በቅርጫት ይታደላል፤ ማን እንደሚያገኝ፣ ማን ተገርፎ እንደሚባረር የሚወስነውም እሱ ነው።

ይህ ኮሜዲ ነው፤ ስለ ደካቴ የተነገረውም ለማኝ ገጣሚን ለመመለስ የተወረወረ ቃል ነው የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ተመልካቹ ሊስቅ የሚችለው ሥርዓቱን ሲያውቀው ብቻ ነው፤ በተጨማሪም ቃሉ ብቻውን አልቆመም። ወደ መጨረሻው ሄራክልስ የአማልክት መልእክተኛ ሆኖ ሲመጣ፣ ፔይሴታይሮስ እናትህ ባዕድ ስለሆነች ዲቃላ ነህ፣ የዜውስ ውርስ አይደርስህም ይለዋል፤ የሶሎንን ሕግ ይጠቅሳል፣ አባትህ ወደ ፍራትሪያ አስገብቶህ ያውቃል ወይ ብሎም ይጠይቃል። ይህ የድርድር ዘዴ እንጂ የወፎቹ ሕግ አይደለም ማለት ይቻላል፤ እውነት ነው። ክብደቱ ግን በተናጋሪው ላይ ነው። ባሪያውን በፍራትሪያ ለመቀበል ቃል የገቡት ወፎቹ ነበሩ፤ በፍራትሪያ ስም በሩን የዘጋው የከተማዋ ስም አውጪ ነው። ከሁለት አቴናዊ ወላጆች ያልተወለደ ሰው ዜጋ እንዳይሆን ፔሪክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 ያወጣው ሕግ፣ ኮብላዮቹ ጥለውት ከመጡት አገር ተከትሏቸው መጥቷል። ሄራክልስም ስለ ዘሩ የተጠየቀው በወፎች ሕዝባዊ አገዛዝ ላይ ዐመፁ ተብለው የተፈረደባቸው፣ ከዚያው ከጥንቱ እንቁላል ዘር የሆኑ ወፎች በሚጠበሱበት ምድጃ አጠገብ ነው።