የቴሌቪዥን ሥዕልን መሥመር ስለ ማብዛት

የቴሌቪዥን ሥዕል በአግድም ከተደረደሩ መሥመሮች የሚሠራ ነው። የመሥመሩ ቍጥር ግን ከአገር አገር ይለያይ ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. እንግሊዝ በ405 መሥመር የዘወትር ሥርጭት ጀመረች፤ በ1941 አሜሪካ 525ን መረጠች፤ ከጦርነቱም በኋላ ፈረንሳይ 819ን፥ ብዙዎቹ የአውሮጳ አገሮች 625ን ያዙ። በዚህም ምክንያት የአንዱ አገር ሥርጭት በሌላው አገር መሣሪያ ሊታይ አልቻለም።

በ1953 ዓ.ም. የንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ የዘውድ በዓል ከሎንዶን ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ ሆላንድና ወደ ምዕራብ ጀርመን በተላለፈ ጊዜ መሐንዲሶቹ መላ አገኙ። ይኸውም በእንግሊዝ መሥመር የታየውን ሥዕል፥ በተቀባዩ አገር መሥመር በሚሠራ ካሜራ ከመስኮቱ ላይ እንደ ገና ማንሣት ነበር።

ዛሬ ይህን የመሰለውን ሥራ አንዳንድ የሆም ቴአትር ሪሲቨር በስሌት ይፈጽመዋል። በአውሮጳ ሥርዐት የተዘጋጀ የዲቪዲ ሥዕል 720 በ576፥ ማለት 414,720 ነጥብ አለው፤ 1920 በ1080 የሆነ መስኮት ግን 2,073,600 ነጥብ፥ ማለት 5 እጥፍ ይፈልጋል። መሣሪያው የጐደለውን ከአጠገቡ ካሉት ነጥቦች እየገመተ ይሞላል። ስለዚህ የሥዕሉ ጠርዝ ይለሰልሳል እንጂ፥ ካሜራው ያላየው ነገር አይገለጥም።

የዛሬ ቴሌቪዥኖችም ይህንኑ ሥራ ራሳቸው ስለሚሠሩ፥ ገዢ ለዚሁ ብቻ ሲል ገንዘቡን እንዳያባክን ያስተውል። የአሮጌ ካሴትና ፊልም ጠባቂም ቅጂውን ቢያሳድግ ዋናውን አይጣል፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ቢመጣ፥ ሥራውን የሚጀምረው ከዋናው ነውና።