የሚከስም ብርሃን ምስክርነት፦ የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች ምንጭ አፈላለግ ታሪክ

በ1963 የተፈረመው የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት መከበሩን ይቆጣጠሩ ዘንድ ዩናይትድ ስቴትስ ያመጠቀቻቸው የቬላ ሳተላይቶች፣ ጁላይ 2 ቀን 1967 ከሰው እጅ ያልወጣ የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገቡ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሎስ አላሞስ ተመራማሪዎች ክሌብሳደል፣ ስትሮንግና ኦልሰን የዚህ ዓይነት ብልጭታዎች መኖራቸውን ለዓለም የገለጹት ግን በ1973 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሩብ ምእት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥነ ፈለክ ቀላል በሚመስል ጥያቄ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ምንጩ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ?

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ርቀቱ ካልታወቀ የፍንዳታው ኀይል አይታወቅም፤ ኀይሉ ካልታወቀ ደግሞ ስለ መንሥኤው የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። በ1991 የመጠቀው የኮምፕተን ሳተላይት ፍንዳታዎቹ በሰማይ ሁሉ እኩል ተበትነው እንደሚታዩ አሳየ። ይሁንና በ1995 ዋሺንግተን ላይ በተደረገው ክርክር፣ ፓቺንስኪ ምንጩ ከሩቅ ጋላክሲዎች ነው ሲል፣ ላም ከራሳችን ጋላክሲ ዳርቻ ነው ብሎ ተሟገተ። ሁለቱም ከአንድ መዝገብ ተቃራኒ ፍርድ ማውጣታቸው አያስደንቀንም፤ ያ መዝገብ የሴኮንዶችን ድምቀት እንጂ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልያዘምና።

የጎደለውን እማኝ ያስገኘው ቤፖሳክስ የተባለው የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ከታየው ፍንዳታ ስምንት ሰዓት ያህል ዘግይቶ፣ በዚያው ስፍራ እየደበዘዘ የሚሄድ የኤክስ ሬይ ብርሃን አገኘ። የቫን ፓራዳይስ ቡድንም ላ ፓልማ ደሴት ላይ ባለው ቴሌስኮፕ በዓይን የሚታየውን ዓይነት ብርሃን ለይቶ አወጣ። በሜይ 8ቱ ፍንዳታ ደግሞ ሜትዝገርና ባልደረቦቹ ብርሃኑ ወደ ሰባት ቢሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መጓዙን ከቀለማቱ አነበቡ። የርቀቱ ክርክር በዚህ አበቃ።

የትርጓሜው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሜሳሮሽና ሪስ አስቀድመው እንዳሰሉት፣ ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ የሚወነጨፈው ቁስ በአካባቢው ያለውን ጋዝ እየገፋ ሲዘገይ፣ በመግነጢሳዊ መስክ የሚሽከረከሩት ኤሌክትሮኖች ጨረር ያመነጫሉ፤ የድምቀቱም ጫፍ ከኤክስ ሬይ ወደሚታይ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ ራዲዮ ሞገድ ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞገድ ስለ አንዱ ክስተት የየራሱን ቃል ይሰጣል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚደንቀው የራዲዮው ቃል ነው። የሜይ 8ቱ ፍንዳታ የራዲዮ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ኮከብ ይጥበለበል ነበር፤ ከወር ገደማ በኋላ ግን እንደ ፕላኔት ረጋ። ትንሽ ሆኖ የሚታይ አካል ይጥበለበላል፤ ሲሰፋ ይረጋል። ፍሬይልና ባልደረቦቹ ምንጩ በብርሃን ፍጥነት አካባቢ መስፋቱን የመሰከሩት በዚህ ነው።

የ1999ኙ የጃንዋሪ 23 ፍንዳታ ሌላ ችግር አመጣ። ኀይሉ በየአቅጣጫው እኩል ተረጭቷል ከተባለ፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ወደ ብርሃን ብትለወጥ ከምትሰጠው ይበልጣል። መውጫው ፍንዳታው እንደ ቀጭን ምንጭር ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈነጠቃል ማለት ነበር፤ ምልክቱም ድብዘዛው በሁሉም ሞገድ በአንድ ጊዜ መፋጠኑ ነው። ሆኖም በ2004 የመጠቀው ስዊፍት ሳተላይት፣ ኤክስ ሬዩና የሚታየው ብርሃን በአንድ ጊዜ የማይታጠፉባቸውን ብዙ ፍንዳታዎች መዝግቧል። ሐሳቡ ይጣል አንልም፤ ግን ሁለት እማኞች ሲለያዩ አንዱን ብቻ ጠርቶ መፍረድ አይገባም።

በኦገስት 17 ቀን 2017 ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት ሲጋጩ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ኤክስ ሬዩ ከዘጠኝ ቀን፣ ራዲዮው ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ብቻ ታየ፤ ብርሃኑም ለአምስት ወራት ያህል እየደመቀ ሄዶ በኋላ ከሰመ። ምንጭሩ ወደ እኛ አላነጣጠረም ነበርና።