በባሕር ማዶ የጮኹልን ሰዎች ዜና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ኢትዮጵያ በተጨነቀች ጊዜ በሰው አገር ስለ እርስዋ የጮኹትን ሰዎች ዜና መጻፍ እንጀምራለን። የምንጽፈውም በአገው ምድር፥ በዳንግላ ተቀምጠን ነው።

ዳንግላ እንግሊዝን አስቀድማ ያወቀችው በመንግሥቱ ፊት ነው። ከ1918 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1926 ዓ.ም. ሜጀር ቺዝማን የሚባል ቆንስል በከተማዪቱ ተቀምጦ፥ የጣናን ዳርና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ ይመረምር፥ ካርታም ያነሣ ነበር። መንግሥቱ የጣናን ውኃ ይመኝ ነበርና። የእንግሊዝን ሕዝብ ግን ዳንግላ ገና አላወቀችውም።

በ1928 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ መስከረም 22 ቀን የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ከዚያ አስቀድሞ፥ ክረምቱ ሳይወጣ፥ በሎንዶን የሚኖሩ ጥቁሮች ማኅበር አቁመው ነበር። ከእነርሱም ውስጥ የትሪኒዳዱ ሲ ኤል አር ጄምስ፥ ኤሚ አሽውድ ጋርቬይና ኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ ነበሩ። ቅኝ የተገዛ ሕዝብ ልጆች ስለ ነፃይቱ አገር በትራፋልጋር አደባባይ ቆመው ተናገሩ። በታኅሣሥም የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ተማክሮ ኢትዮጵያን ቆርሶ ለጣሊያን ሊያካፍል መከረ። ምክሩ በጋዜጣ ሾልኮ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በደብዳቤ አጨናነቃቸው፤ ሆርም ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። ምክሩ ፈረሰ፤ ጦርነቱ ግን አልቆመም።

አሁን ነገራችንን ወደ እንግሊዛዊቱ ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክረስት እንመልስ። ይህች ሴት ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ብዙ ጊዜ የታሰረች፥ በወህኒም እህል አልቀምስም ብላ የተሠቃየች ናት። ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ የጦር አዛዥ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፥ በዚያው ቀን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚባል ጋዜጣዋን ጀመረች። ከተማዪቱ በወደቀችበት ቀን ጋዜጣዪቱ ተወለደች። አብሯት የሚኖረውና በኅትመቱ የሚያግዛት ሲልቪዮ ኮሪዮ ጣሊያናዊ ነበር፤ ፋሽስቶችን የሚጠላ ስደተኛ። ስለዚህ ጠባችን ከጣሊያን ሕዝብ ሁሉ ጋር እንዳልነበረ ይህ ሰው ምስክር ነው። በሚኖሩበት በውድፎርድም፥ ከመንገዱ ዳር፥ ሴቲቱ ከድንጋይ የተጠረበ ቦምብ በዓምድ ላይ አቆመች፤ ከሰማይ እሳት ማዝነብን ትቃወም ነበርና። እርሱም እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

በዚያው ሰሞን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ መርከብ ከጅቡቲ ተነሥተው ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በዚያ ወራት የፍልስጤም ዐረቦች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አድመው ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። አገሩን የተነጠቀ ንጉሥ አገራችንን እንነጠቃለን ብሎ በሚሠጋ ሕዝብ መካከል አለፈ። ግንቦት 26 ቀን ንጉሡ ሎንዶን ሲገቡ መንግሥቱ በይፋ ሊቀበላቸው አልወደደም፤ በዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ግን ሕዝቡ ተሰብስቦ በእልልታ ተቀበላቸው። ኢትዮጵያን በሎንዶን የወከሉት ሚኒስትር ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚያ ነበሩ፤ እርሳቸው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች የተወሰዱ ናቸው።

በአሜሪካም ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኢትዮጵያን የዓለም ፌዴሬሽን አቋቋመ፤ የሃርለም ጥቁሮችም ከትንሽ ገቢያቸው ቆርሰው አዋጡ። መላኩ ግን ነፃነትን ሳያይ በ1932 ዓ.ም. በሰው አገር ሞተ።

ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠ። መንግሥት ዕውቅና ሰጠ፤ ሲልቪያ ግን አልሰጠችም፤ በየሳምንቱ ማሳተሟን ቀጠለች።

በጎጃምም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ በላይ ዘለቀና ሌሎችም አርበኞች ጫካውን አልለቀቁም፤ አዋጊያቸው የጋዜጣ ወሬ ሳይሆን የአገራቸው ጥቃት ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ሳንፎርድ የሚባለው የእንግሊዝ መኮንንና የንጉሡ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማ ከሱዳን ተሻግረው ጎጃም ገቡ። የቀድሞው የዳንግላ ቆንስል ቺዝማንም በካርቱም ተቀምጦ ያወቀውን አገር ለዘመቻው ነገረ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲርም በዚያው «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ አሳተመ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ የጣሊያን ጦር ዳንግላን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ንጉሡም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ከተማዪቱ ከወደቀችና ጋዜጣዪቱ ከወጣች ልክ አምስት ዓመት ሆነ።

ወዳጅነት የሚፈተነው ከድል በኋላ ነው። የእንግሊዝ ሹማምንት አገሪቱን እንደ ተያዘ የጠላት ግዛት ሊያስተዳድሩ ባሰቡ ጊዜ ሲልቪያ ብዕሯን በገዛ መንግሥቷ ላይ መለሰች። በ1948 ዓ.ም. ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ መጥታ ተቀመጠች፤ በመስቀል በዓል፥ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐረፈች። ወለተ ክርስቶስ ተብላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበረች።

በእኛም ዘመን፥ ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ ስለ ጋዛ በሎንዶን ጎዳና የወጣውን ሰልፈኛ ፖሊስ 300,000 ብሎ ገመተው። የሁለቱ ሕዝብ ነገር አንድ ነው አንልም፤ ታሪኩም ዘመኑም ይለያያልና። የጎዳናው ግብር ግን አንድ ነው፦ ሹማምንት ሲለዝቡ ተራው ሰው ይጮኻል። ጩኸት ዳንግላን አላስለቀቀም፤ ያስለቀቋት የሞቱላት ናቸው። ነገር ግን ጩኸቱ ባይኖር ሆርና ላቫል ቆርሰው ባካፈሉን፥ ዓለምም በረሳን ነበር።

የአገው አዊ ሕዝብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ለዘመቻ ፈረስ መታሰቢያ ያደርጋል። ፈረሱን ያልረሳ ሕዝብ ወዳጁን አይርሳ። አዲስ አበባ የምትወርድ የዳንግላ ሰው ሆይ፥ ሥላሴን ስትሳለም የወለተ ክርስቶስን መቃብር ጠይቅ። ዜናው በዚህ ተፈጸመ።