እጥፍና ግማሽ፦ ኳንተም ኮምፒዩተርን ለጀማሪዎች የማስረዳት ታሪካዊ መንገድ



ኳንተም ኮምፒዩተርን ለጀማሪ ለማስተማር ውድ ቤተ ሙከራ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። መነሻው በእጃችን ነው።

በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ስልት አለ። አንድ ነጋዴ እያንዳንዳቸው 24 ኪሎ የሚመዝኑ 13 ከረጢት ቡና ጫነ እንበል። ቀሪውን እየተውን 13ን እናጋምሳለን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። ጎን ለጎን 24ን እናጥፋለን፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ተጋማሽ በሆነው በ6 አንጻር ያለውን 48 ጥለን ሌሎቹን ስንደምር 312 ኪሎ እናገኛለን። እጥፍ እየሠሩ የሚፈለገውን ብቻ መደመር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1650 ገደማ በተጻፈው የግብጽ ራይንድ ፓፒረስም ይገኛል።

እያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ዕጣ ብቻ አለው፤ ይያዛል ወይም ይጣላል፤ 1 ወይም 0። ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1703 ስለዚህ የሁለትዮሽ አቈጣጠር ጽሑፍ አሳተመ። የዛሬው ኮምፒዩተር የሚሠራበት ቢትም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሪቻርድ ፋይንማን የኳንተምን ዓለም በተራ ኮምፒዩተር ማስላት ለምን እንደሚከብድ አስረዳ። አንድ ኩቢት በተጨመረ ቁጥር ሁኔታውን ለመግለጽ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች እጥፍ ይሆናሉ፤ ለ10 ኩቢት 1,024፣ ለ50 ኩቢት ከአንድ ኳድሪሊዮን በላይ። እጥፉ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን «ኳንተም ኮምፒዩተር ሁሉንም መልስ በአንድ ጊዜ ይሞክራል» ይላሉ። ይህ ተማሪን ያሳስታል። ኩቢቶችን ስንለካ የምናገኘው አንድ ውጤት ብቻ ነው፤ ያም በዘፈቀደ ከመጣ አይጠቅምም። ጥበቡ ሌላ ነው፦ ወደ ስሕተት የሚያመሩት መንገዶች እንደሚገናኙ ሞገዶች እርስ በርስ እንዲጠፋፉ፣ ወደ ትክክለኛው የሚያመሩት ደግሞ እንዲደጋገፉ ስሌቱን ማቀናበር።

ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 በዚህ ጥበብ ትልልቅ ቁጥሮችን በፍጥነት ወደ አካፋዮቻቸው መበተን እንደሚቻል አሳየ። በ2001 የአይቢኤም ተመራማሪዎች በ7 ኩቢት 15ን ወደ 3 እና 5 ከፈሉ። ውጤቱ ለሕፃን ቀላል ነው፤ መንገዱ ግን የባንኮችንና የመልእክቶችን ምስጢር መጠበቂያ ያሠጋል። አሜሪካ በ2024 አዳዲስ የምስጠራ ደረጃዎችን ያወጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለልጆቻችን የምንነግራቸው ተአምር ሳይሆን አሠራር ይሁን። ተአምር የሰማ ተማሪ ተደንቆ ይቀራል፤ አሠራር የተማረ ግን እርሳስ አንሥቶ ያሰላል፣ ይጠይቃል፣ የነገውንም ሥርዓት ከሚሠሩት ጋር ይቆማል።