ከ128ቱ የትኛውን እንቆጥራለን?

ገላን ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ መጠሪያ ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ገላን ኮንዶሚኒየምም ከአንድ አባት እንወለዳለን ብለው ትውልድ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎችን ስም ተሸክሟል። የሕንፃዎቹን ነዋሪዎች ጎረቤት ያደረጋቸው ግን ዝምድና ሳይሆን ዕጣ ነው። የአንዱ አያት ከጎጃም፣ የሌላው ከወላይታ፣ የሦስተኛው ከዚያው ከሸዋ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ የሚያድግ ልጅ በመታወቂያው ላይ የሚያገኘው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የሚያውቁት አዛውንት ናቸው። ስለዚህ የትውልድ ሐረግ ዛሬ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት እላለሁ። ሲጻፍም እንደ ቀድሞው አንድ መስመር ተመርጦ ሳይሆን፣ የእናትና የአባት ወገን ሳይለይ መሆን ይገባዋል።

ቀድሞ ትውልድ የሚቆጠረው ለጨዋታ አልነበረም። በአማራው ሀገር ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በመቁጠር ነበር። የሚቆጠረውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትም እንዳሳየው፣ አንድ ገበሬ በብዙ አቅኚ አባቶች በኩል ርስት መጠየቅ ይችል ነበር፤ በተግባር መሬት የሚያገኘው ግን በጥቂቶቹ ነው። ሐረጉን አጥርቶ የሚቆጥር፣ ሽማግሌ የሚያቀርብና በሙግት የሚጸና ሰው ይረታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የመንግሥት ሲያደርግ ይህ ሙግት መሠረቱን አጣ። የቀረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ ነው፤ እሱም በከተማ እየሳሳ ሄዷል።

የቀድሞው አቆጣጠር ጉድለትም ከዚሁ ከጥቅሙ የመጣ ነው። ወላጆቻችንን አንደኛ ብለን ብንጀምር፣ ዝምድና ካልተደራረበ በቀር በሰባተኛው እርከን 128 ሰዎች ይኖሩናል። ቤተሰብ በቃሉ የሚይዘው ግን መሬት ወይም ክብር ያመጡለትን ጥቂቶቹን ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ የሣህለ ሥላሴንም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር አያይዞ ደንግጓል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የሚገናኙት ግን በአባታቸው በራስ መኰንን እናት፣ በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነው። የዙፋኑ ሐረግ ሳይቀር በሴት በኩል አልፎ ሳለ፣ ሕጉ የጠቀሰው የንጉሡን ስም እንጂ የወይዘሮዋን አይደለም። ከብዙዎቹ ቅድመ አያቶች የሚጠራው ለተፈለገው ነገር የሚያገለግለው ነበር።

ለዚያ ሕገ መንግሥት አርአያ የሆነችው ጃፓንም በዚህ ረገድ ብዙ ታስተምራለች። አገሪቱን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት የመሳፍንቱንና የሳሙራይ ቤቶችን ሐረግ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1812 ያጠናቀቀው መዝገብ 1,530 ቅጽ ነበረው። ቤቶቹ ያቀረቡት ሁሉ ግን እውነት አልነበረም። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ኢየያሱ ቶኩጋዋ ከታላቁ የሚናሞቶ ቤት እወለዳለሁ ማለቱን የታሪክ ሊቃውንት ይጠራጠሩታል። ዛሬ አባቶቹን የሚፈልግ ጃፓናዊ የጎሳውን መዝገብ ብቻውን አያምንም፤ ከመንግሥት የቤተሰብ መዝገብና የቡዲስት ቤተ መቅደሶች ከያዙት የሙታን ስም ዝርዝር ጋር ያስተያየዋል።

ሐረጉ በጥቅም የተቃኘ ከሆነ መጻፉ ምን ይረባል የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ለጥቅም የተነገረ ቃልም ምስክር ነው። ማን፣ መቼና ለምን ጉዳይ እንደተናገረው ከታወቀ የዘመኑን ሰው ፍላጎት ያሳያል። ማመሳከሪያም አለን። በአብያተ ክርስቲያናት የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭና የውርስ ውል ከነምስክሮቹ ተጽፎ ይገኛል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ሥሪት ያጠናው እንዲህ ባሉ ሰነዶች ነው። ሽማግሌ የቆጠረው ስም በውል ላይ ሲገኝ ቃሉ ይጸናል፤ ሳይገኝ ሲቀር ጥያቄው ክፍት ሆኖ ይጻፋል።

የባሰው ሥጋት ዘር መቁጠር በዘር ለመከፋፈል ይዳርጋል የሚለው ነው። ባለፉት ዓመታት ካየነው መከራ አንጻር ይህን የሚል ሰው ሊሰማ ይገባዋል። ሆኖም ለመከፋፈል የሚመቸው አንድ መስመር ብቻ የሚቆጥረው ሐረግ ነው። 128ቱን ለመቁጠር የተነሳ ሰው ወዲያው ሌላ አገር፣ ሌላ ቋንቋና ሌላ ሃይማኖት ሊያገኝ ይችላል። በአባት የሚቆጥረው የኦሮሞ ጎሳ ሥርዓትም ቢሆን በሞጋሳ ሌላውን ወገን፣ በጉዲፈቻ የሌላውን ልጅ የራሱ አድርጎ ተቀብሏል፤ የጎሳው ሐረግ ራሱ የደም ብቻ አይደለም። ከጎጃም እናትና ከቱለማ አባት የተወለደ የገላን ልጅ ሁለቱንም አቆጣጠር ቢያውቅ፣ ንጹሕ ዘር የሚባለውን ነገር የሚጠራጠርበት ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላው ጉዳይ የተጻፈውን ሐረግ ማን እንደሚያየው ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. የ1872ቱን የቤተሰብ መዝገብ ከ1968 ጀምሮ ለሕዝብ ዘግታለች፤ የተናቁ ወገኖችን ማንነት ስለሚገልጥ ለመድልዎ ይውል ነበር። በእኛም አገር የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ልጅ ሲገለል፣ በባርነት የተሸጠ ሰው ከወገኑ ሲቆረጥ ኖሯል። ስለዚህ ሐረጉ ለአደባባይ ሳይሆን ለቤተሰቡ ይጻፍ። የሴቶቹ ስም፣ የትውልድ ቀዬ፣ ነጋሪውና የተነገረበት ዓመት አይቅር፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከተናገሩ ሁለቱም ይስፈር። ሥራው ደብተር፣ እስክሪብቶና የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ይፈልጋል። የሚቆጥሩት አዛውንት ግን እያለፉ ነውና መጀመር ያለበት አሁን ነው።